ጉርሻው እስኪቀዘቅዝ

«ለመላው ሕዝብ! የመስተንግዶ ሚኒስቴር ረጅም ጥናትና ተደጋጋሚ አገር አቀፍ ጉባኤ ካካሄደ በኋላ፣ ከመስከረም አንድ ቀን 2093 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በማናቸውም ተንቀሳቃሽ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ‹በቃኝ› ያለ እንግዳ የሚለመነው ሁለት ጊዜ መሆኑ ቀርቶ ሦስት ጊዜ እንዲሆን የወሰነ መሆኑን በታላቅ አክብሮት ያስታውቃል። ሦስተኛው ልመና በ‹በሞቴ› ይታሰራል።»

አዋጁ በየጣቢያው የተነበበው በዋሽንት ታጅቦ ነው። አንድ የምክር ቤት አባል «አባቶቻችን ይህቺን ቀን ለማየት አልታደሉም» ብለው እንባቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ታይተዋል። ሕዝቡም ሰማ፤ ሰምቶም «እሰይ» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

በነገሩ ውስጥ የሚያሰጋ ነገር ያየ ሰው ካለ አልተናገረም። ማሽን የማያደርገውን እንዳይናገር በሕግ ከታሰረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ድሮ እንዲህ አልነበረም አሉ። ድሮ ማሽኑ ሁሉ አፈ ቅቤ ነበር፤ ያላየውን አየሁ፣ ያልወደደውን ወደድኩ እያለ ስንቱን ቤት አፈረሰ። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ግን ማሽን ደስ አለኝ ካለ ደስ ብሎታል፣ ከፋኝ ካለም ከፍቶታል። «አፈር ስሆን» የሚለው ልመና ገና በረቂቁ ነው የወደቀው፤ ማሽን አፈር መሆን ስለማይችል ውሸት ነው ተባለ። «በሞቴ» ግን አለፈ። ማሽን መሞት ይችላላ! ማጥፊያው እዚያው ደረቱ ላይ ነው።

ለትርንጎ ይህ ሕግ እንጀራዋ ነበር። ማሽኖቹ መዋሸት ሲከለከሉ የአገሪቱ ውሸት በሙሉ በሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። ትርንጎ በአንድ ባንክ የትሕትና ክፍል ተቀጥራ፣ ሒሳቡን ማሽኑ ሲሠራ እሷ ከጎኑ ቆማ «ስለታገሡን እናመሰግናለን» ትላለች፤ «ናፍቀውን ነበር» ትላለች፤ «ቅሬታዎን በደስታ እንመለከተዋለን» ትላለች። ጎበዝ ሠራተኛ ነች፣ ተሸልማበታለች። ችግሩ ከሥራ ስትወጣ ነው። አንድ ቀን እናቷ በስልክ «ናፈቅሽኝ እኮ» ቢሏት፣ «እኛም ናፍቀውን ነበር፣ ሌላ ምን እንርዳዎ?» ብላ መልሳለች። እናትየው ለሳምንት አልደወሉም።

እንግዲህ ዕረፍት ያስፈልጋታል ተባለ፤ ዕጣዋም ወጣ። ወደ ስሜን ተራሮች መውጣትና ወደ ጣና ደሴቶች መሻገር በዕጣ ነው። ተራራው ይረፍ፣ ሣሩም ያገግም ተብሎ ለአንድ ዜጋ በዕድሜው አንዴ ይደርሰዋል፤ ትርንጎ ለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ጉዞው በመሐል ቢቋረጥ ዕጣው እንደተበላ ይቆጠራል። ይግባኝ የለውም።

ቤቱ ደባርቅ ዳርቻ ላይ፣ እንቁላሏን እንደታቀፈች ዶሮ ስድስት እግሩን አጥፎ ጠበቃት። መኪና ተራራው ላይ ከተከለከለ ቆይቷል፤ ጎብኚ የሚወጣው በእግረኛ ቤት ነው። ሳሎን አለው፣ መኝታ አለው፣ መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ነው። ከጣሪያው መሐል ደግሞ አንድ ረዘም ያለ እጅ ይወርዳል፤ የጉርሻ እጅ።

«ግቡ፣ ግቡ! ብርድ ላይ ምን ያቆማችኋል?» አለ ቤቱ ጠና ባለች ሴት ድምፅ። «እትዬ አስካለ እባላለሁ። ትርንጎዬ፣ ስምሽ ከወጣ ጀምሮ እኮ ስጠብቅሽ ነበር! እንዴት ደስ እንዳለኝ!»

ትርንጎ «እኛም ደስ ብሎናል፣ ሌላ ምን…» ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው። ማሽን አይዋሽም። ስለዚህ እኚህ ሴትዮ በእውነት ሲጠብቋት ነበር። በእውነት ደስ ብሏቸዋል። እግሯ ደረጃው ላይ ደረቀ። እንዲህ ያለ ቃል ሰው ብሏት ያውቅ ይሆናል፤ የሰውን ደግሞ ማን ያጣራዋል?

«ይቅርታ እህቴ፣ ልትገቢ ነው ወይስ ልታለቅሺ?» አለ ከኋላዋ ሻንጣ ያንጠለጠለ ወጣት።

ኪሩቤል ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማሽን መሐላ ሕግ ያስተምራል፤ አንቀጽ ሳይጠቅስ ጫማውን አያስርም። ቀጥሎ ጥጋቡና ሚስቱ እልፍነሽ ገቡ። ጥጋቡ ገና አርባ አምስት ዓመቱ ቢሆንም፣ ድምፁ ከጋን ውስጥ እንደሚወጣ ያለ ወፍራም ስለሆነ፣ በሰፈሩ ለትዳር የምትጠየቅ ልጅ በተገኘች ቁጥር ሽማግሌ ሆኖ የሚላከው እሱ ነው። «ሪዝ እንኳ ሳያበቅል ነው ሽማግሌ የሆነው» አለች እልፍነሽ ለትርንጎ ስታስተዋውቀው። «እኔን ራሴን ለሌላ ሰው ሊጠይቅ መጥቶ ነው የቀረው።»

መጨረሻ ላይ ጋሽ ዘገየ ገቡ። ዝናብ በተመደበለት ሰዓት መዝነቡን ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። ግራ ጉልበታቸው የተተካ ስለሆነ ሲነሱ «ዚይይ» ይላል። የሚገርመው፣ ቤቱም ስድስት እግሩን ዘርግቶ ሲነሳ «ዚይይ» አለ። ጋሽ ዘገየ ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዝ አድርገው ጣሪያውን በጥርጣሬ አዩ።

ከዚያ መብላት ተጀመረ።

ሳንቃበር ላይ የጭላዳ መንጋ ደረቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ሣር ሲነጭ ጥብስ ቀረበ። ጅንባር ፏፏቴ ከአፋፉ ተወርውሮ መሬት ሳይደርስ ጭጋግ ሲሆን፣ አምስቱ ተጓዦች ጀርባቸውን ለፏፏቴው ሰጥተው ዶሮ ወጥ ላይ አቀርቅረው ነበር። ግጭ ሜዳ ላይ የጅብራው ተክል እንደ ዘብ ተሰልፎ ቆሟል፤ ያንን በጭልፋና በጭልፋ መሐል አዩት። አንድ ዋልያ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ በመስኮቱ ወደ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከሁሉም የጎበኘው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ልመናው ሥርዓት ነበረው። «ብሉ እንጂ» ይላሉ እትዬ አስካለ። «በቃኝ» ይላል ተጓዡ። «ምን በላህና ነው? ለእኔ ስትል!» «ኧረ ጠገብኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ።» ይሄኔ መብራቱ ደብዘዝ ይላል፤ ቤቱ እግሩን አንሥቶ መራመዱን ያቆማል፤ ድምፃቸው ይሰልላል። «በሞቴ።» የተጓዡ አፍ በራሱ ይከፈታል። ማን ነፍሰ ገዳይ መሆን ይፈልጋል? አዋጁ ከወጣ ወዲህ በአገሪቱ አንድም ማሽን አልሞተም፤ ሕዝቡ ግን ወፍሯል።

«እኔ እየበላሁ አይደለም» አለ ጥጋቡ ቀበቶውን እያላላ፤ «ሕይወት እያተረፍኩ ነው።»

ጋሽ ዘገየም እንደ ሁሉም ሰው በሦስተኛው ልመና አፋቸውን ይከፍቱ ነበር። አንዴ ብቻ፣ ጨነቅ የሚባለው ሰፈር ላይ፣ ከሳህኑ ዳር ያለች የተጠበሰች ሥጋ ዓይናቸው ገብታ እጃቸውን ቀስ አድርገው ሲሰዱ፣ የጉርሻው እጅ ከላይ ወርዶ ያችኑ ሥጋ ቀደማቸውና አፋቸው ውስጥ ከተታት። ጋሽ ዘገየ የተዘረጋች እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ውስጥ አደረጓት። ያችን ሥጋ ለረጅም ጊዜ አኘኩ።

ትርንጎ ግን በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። በመብላቱ ሳይሆን በወሬው ነው። «ትርንጎዬ፣ ስትስቂ ደስ ይለኛል» ይሏታል እትዬ አስካለ፤ እውነት ነው። «ዛሬ ፀጉርሽ አላማረብሽም» ይሏታል፤ እሱም እውነት ነው። ስለ ልጃቸውም ሰምታ አትጠግብም። ልጃቸው አንጓች ጣና ላይ ጀልባ ነች። «የእኔን ድምፅ ነው የወሰደችው። ትንሽ ትቀብጣለች እንጂ ሥራ አታውቅም አይባልም። ደሴቶቹን እሷ ነች የምታሳያችሁ፤ እኔ ውኃ አልወድም።»

ከደጋው ወርደው ጎርጎራ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ጣና እንደ ተነጠፈ ነጠላ ተዘርግቶ ነበር። ደንገሉ መሐል አንዲት ነጭ ጀልባ ወዲያና ወዲህ ትላለች።

«እማዬ! መጣችሁ?»

«መጣን፣ ልጄ! ምሳ በልተው ይሻገራሉ!»

ምሳው ዓሣ ለብለብ ነበር። እትዬ አስካለ የመጀመሪያውን ለጋሽ ዘገየ አቀረቡ።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ነው። ከውኃው የወጣው አሁን ነው።»

«በቃኝ።»

«እንዴ! አንድም አልቀመሱም!»

«በቃኝ አልኩ።»

«ለእኔ ሲሉ፣ ጋሼ።»

«አልበላም።»

የጉርሻው እጅ ከጣሪያው ወረደ። ዓሣው በሚጥሚጣ ተነክሮ፣ በእንጀራ ተጠቅልሎ እንፋሎቱ ይወጣል። መብራቱ ደበዘዘ። ጥጋቡ በልማድ የራሱን አፍ ከፈተ።

«በሞቴ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ዘገየ አፋቸውን እንደ ቦርሳ ዘግተው መስኮት መስኮቱን አዩ። ከዚያ ከፈት አድርገው፣ «አልበላም» አሉና መልሰው ዘጉት።

ከውጪ ይብራዎቹ ሲንጫጩ ይሰማል። እልፍነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሽ ዘገየ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለች ትርንጎ። «እኚህ ሴትዮ ይሞታሉ እኮ!»

«አሁን አይሞቱም!» አለ ኪሩቤል ጣቱን ቀስሮ። ፊቱ ነጭ ሆኗል፤ ዓይኑ ግን ያበራል፤ ዕድሜ ልኩን ያስተማረው ነገር ሲደርስ ሊያይ ነው። «አንቀጽ አራት! መሐላው የሚደርሰው ጉርሻው ሲቀዘቅዝ ነው። ሞቅ እስካለ ድረስ በሕይወት ናቸው።»

እልፍነሽ ይሄን ስትሰማ ሻርፗን ከአንገቷ አውልቃ ጉርሻውን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለለችው። ጥጋቡ ተንደርድሮ ፊቱን አስጠጋና መተንፈስ ጀመረ።

«ተው! ታቀዘቅዘዋለህ!»

«ሀ እያልኩ ነው እንጂ ፉ አላልኩም! ሀ ያሞቃል!»

ትርንጎ ጋሽ ዘገየ ፊት ተንበረከከች። «ጾም ይዘው ነው?»

«አይደለም።»

«አመመዎት?»

«ደህና ነኝ።»

«እትዬ አስካለን ተቀይመው ነው?»

«ምን አረጉኝና?»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም።» ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። «ይልቅ እኔም በሞቴ፣ ይተዉኝ!»

«ውይ ጋሼ» አሉ እትዬ አስካለ በዚያ በሰለለ ድምፃቸው፣ «ብቀበልዎ ደስ ባለኝ። የሰው መሐላ አይቆጠርም ተብያለሁ።»

«ልክ ነው፣ የሰው መሐላ አይጣራም፤ ስለዚህ ዋጋው ዜሮ ነው» አለ ኪሩቤል በሐዘን።

ትርንጎ ወደምታውቀው ሙያ ዞረች። ተነሳች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ የባንኩን ፈገግታ አጠለቀች። «ክብርት እትዬ አስካለ፣ ጋሽ ዘገየ ጉርሻውን በታላቅ ደስታ መመገባቸውን ስንገልጽልዎ…»

«ልጄ፣ እጄ ላይ እኮ ነው ያለው።»

ፈገግታው ከፊቷ ረገፈ። እትዬ አስካለ ግን አልተቆጧትም።

«ተዉአቸው፣ አትጨቅጭቋቸው። ብናደድ እነግራችሁ ነበር፤ አልተናደድኩም። ሻንጣችሁን ወደ በሩ አቅርቡ፤ እኔ ስዘጋ በሩም ይዘጋል። ደሴቱ ስለቀረባችሁ ነው የማዝነው። ትርንጎዬ፣ ሹራብሽ አልጋ ሥር ገብቷል፤ እንዳትረሺው። ጥሩ ልጅ ነሽ። አንጓችን አይዞሽ በይልኝ።»

ጥሩ ልጅ ነሽ! ትርንጎ ዓይኗ እንባ ሞላ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ደሴት መስኮቱ ውስጥ ይታያታል፤ ለጊዜው ትዝ እንኳ አላላትም። ጥሩ ልጅ መሆኗን አጣርቶ የነገራት ፍጡር በአንድ ዓሣ ምክንያት ሊጠፋ ነው። ሻርፑ ውስጥ እጇን ሰደደች። ለብ ያለ ነው። ለብ ካለ በኋላ ያለውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ጋሽ ዘገየ በተቀመጡበት ቀጥ ብለዋል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፤ ከፊታቸው ያለውን ውኃ እንኳ አልነኩም። ይህን አቀማመጥ የት ነው የማውቀው? አለች ትርንጎ በሆዷ። ታላቅ እህቷ የታጨች ጊዜ ነው። አራት ሰዎች እናቷ ቤት ገብተው፣ እህል ቢቀርብላቸው አንበላም፣ ውኃ ቢቀዳላቸው አንጠጣም ብለው ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ። እናቷም አልተቀየሙም። ሰው ቤት ገብቶ እህል ያልነካ ሰው ጠግቦ አይደለም፤ ጉዳይ ይዞ ነው!

«እትዬ አስካለ!» አለች። ድምፅዋ የባንኩ ድምፅ አልነበረም። «ተሳስተናል! ጋሽ ዘገየ እንግዳ ሆነው አይደለም የመጡት። ሽማግሌ ሆነው ነው። ጉዳያቸው ሳይሰማ እህል አይቀምሱም!»

መብራቱ ብልጭ አለ።

«ጉዳይ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሽማግሌ ነዋ!» ኪሩቤል ብድግ አለ። «ሽማግሌ አይለመንም! ጉዳዩ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ልመና ይታገዳል፣ አንቀጽ…»

«አንቀጹ ይቆየን፣ ልጄ። ሽማግሌ ደግሞ ብቻውን ይመጣል?»

«ብቻቸውን አይደሉም፣ ሁላችንም ነን!» አለች ትርንጎ፤ እልፍነሽንም በክንዷ ጎተተቻት። ጥጋቡም ጉርሻውን ማሞቁን ትቶ ተነሳ። በሩ አጠገብ ተሰልፈው ቆሙ። ጋሽ ዘገየንም አስነሷቸው፤ ዚይይ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ እትዬ አስካለ። በድምፃቸው ውስጥ ከዚህ በፊት ያልተሰማ ደስታ ነበረ።

«አንቀመጥም!» አሉ በአንድ አፍ።

«እሺ። ጉዳያችሁ ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ማንም አላሰበበትም ነበር። ትርንጎ ደሴቱ ላይ ተጨማሪ አንድ ቀን ልትለምን አፏን ስታሾል፣ ጥጋቡ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከሃያ ዓመቱ ጀምሮ በዚያ አቋቋም ላይ በቆመ ቁጥር የሚወጣው ቃል በራሱ ጊዜ ወጣ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

«ጥጋቡ!» አለች እልፍነሽ።

«አመለጠኝ! ሌላ ነገር ብዬ አላውቅም እኮ!»

«ልጄን?» አሉ እትዬ አስካለ። «አንጓችን? እናንተስ ለየትኛው ልጃችሁ ነው?»

ዓይን ሁሉ ኪሩቤል ላይ አረፈ። ኪሩቤል ቀለበቱን አሳየ። ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ ዘገየ ዞረ።

«ለጋሽ ዘገየ» አለች ትርንጎ። «ጨዋ ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ጡረታ አላቸው።»

«እኔን?» አሉ ጋሽ ዘገየ። ዓሣው ከመጣ ወዲህ ማንም ሳይጠይቃቸው የተናገሩት ሁለተኛው ነገር ነው።

ከሐይቁ በኩል አንዲት ቀጭን ድምፅ ጮኸች። «እማዬ! የትኛው ናቸው? ያ ጉልበታቸው የሚጮኸው?»

«አንቺ ዝም በይ፣ ትልልቅ ሰዎች እየተነጋገሩ ነው!» አሉ እትዬ አስካለ፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። «አክብራችሁ መጥታችኋል። ግን ዘር ሳይቆጠር መልስ የለም። እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን።»

«ተገቢ ነው» አለ ጥጋቡ፤ አሁን ሥራው ላይ ነው።

«እኔ አስካለ፣ እናቴ የመጀመሪያዋ እግረኛ ቤት ነበሩ። አያቴ ክሬን ናቸው፤ ስንቱን ፎቅ ያቆሙ። ቅድመ አያቴ አርሲ ውስጥ ስንዴ የሚያጭዱ ኮምባይነር ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አያቴ አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻቸው፤ የሰው አካል መለዋወጫ ፋብሪካ ገባች ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ጠፋ…» ድንገት ቆጠራውን አቋረጡ። «ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎ፣ ግራ እግርዎን ከፍ ቢያደርጉልኝ።»

ጋሽ ዘገየ ሌሎቹን አዩና እግራቸውን ከፍ አደረጉ። ዚይይ።

ቤቱ አንድ እግሩን ከፍ አደረገ። ዚይይ። ሳሎኑ ተንጋደደ፤ ሳህኖቹ ወደ አንድ ጥግ ተንሸራተቱ።

«አንዴ ይድገሙልኝ።»

ዚይይ። ዚይይ።

«የእኛ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ጉልበትዎ የእኛ ነው! የአያቴ እህት የልጅ ልጅ! በሦስተኛው ቤት እንገናኛለን! ጋብቻ የለም፣ እርም ነው! ልልልልል!»

እልልታው በስድስቱም እግር ወረደ። አንጓችም ምክንያቱን ሳትጠይቅ ከሐይቁ ላይ መለሰች። እልፍነሽ ታጨበጭባለች፤ ጥጋቡ ጋሽ ዘገየን አቅፎ ትከሻ በትከሻ ይገጫል።

«ቀዝቅዟል» አለ ኪሩቤል።

ሁሉም ቀጥ አሉ። ኪሩቤል ጣቱን ሻርፑ ውስጥ ከትቶ ቆሟል። «ጉርሻው። ጨርሶ ቀዝቅዟል።»

ትርንጎ መብራቱን አየች። ዓይኗን ጨፈነች፤ መልሳ ገለጠች። መብራቱ እንደበራ ነው።

«ምኑ ነው የቀዘቀዘው?» አሉ እትዬ አስካለ እየሳቁ። «አዋጁ ‹እንግዳ› ነው የሚለው። ዘመድ ደግሞ መቼ እንግዳ ሆነ? በሞቴ ለዘመድ አይባልም። ሲርበው መሶቡ የት እንዳለ ያውቃል።» የጉርሻው እጅ ሻርፑን ለእልፍነሽ አቀበላት፤ ዓሣውን ሳህን ላይ አኖረና ወደ ጣሪያው ተመለሰ። ጋሽ ዘገየ እጁ እስኪገባ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

ስንብቱ ደንገሉ ዳር ሆነ፤ እትዬ አስካለ ውኃ አይወዱም።

«ትናፍቁኛላችሁ» አሉ።

«እኔም እናፍቅዎታለሁ» አለች ትርንጎ። ጠበቀች። ሌላ የሚከተል ቃል አልመጣም። ሹራቧን ለብሳ ጀልባዋ ላይ ወጣች።

አንጓች የእናቷን ያህል ምግብ አትወድም፤ የምትወደው ወሬና ፍጥነት ነው። «እሺ፣ አጎቴ ናቸው ማለት ነው?» ትላለች ማዕበሉን እየሰነጠቀች። «እኔስ አልከፋኝም። ትንሽ ነው የከፋኝ። በቀኝ በኩል ጉማሬ አለ፣ ተመልከቱ! በግራ በኩል ደሴቱ፣ ያ ጥቁር የሚመስለው ዛፍ ነው፣ ስትቀርቡ አረንጓዴ ይሆናል!»

ደግሞም ሆነ። ከደባርቅ ከተነሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሁሉም ፊት ወደ ውጪ የዞረው። ጥጋቡ እንኳ ቀበቶውን እንዳላላ ጉማሬውን በመደነቅ ያየዋል፤ «እሱም እግረኛ ቤት ገብቶ ነበር መሰለኝ» አለ። ዛፉ ቀረበ፣ ወፎቹ ከላዩ ተነሱ፣ ከቅጠሉ መሐል የሣር ክዳን ብቅ አለ። አሥራ አንድ ዓመት፣ አለች ትርንጎ፤ ደስታዋን የምትነግረው ሰው ፈልጋ ዞር አለች።

ጋሽ ዘገየ ከፊት የሉም። ጀልባዋ ጀርባ ላይ፣ ከሁሉም ተለይተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሳህን አለ። ያ ዓሣ ነው። እንጀራውን በጣታቸው ቆርሰው፣ ከዓሣው ጎን ትንሽ ሥጋ ላጥ አድርገው፣ ሚጥሚጣውን ነካ ነካ አድርገው፣ አፋቸው ከተቱ። ሳይቸኩሉ አኘኩ። አጥንቷን ከከንፈራቸው መዝዘው ወደ ሐይቁ ጣሉና ጣታቸውን ላሱ። ሐይቁን እያዩ ሁለተኛ ቆረሱ።

ትርንጎ አጠገባቸው ሄዳ ቆመች።

«ጋሽ ዘገየ!»

«አቤት።»

«ያ ሁሉ ሰው በእንባ ሲለምንዎ፣ ያ ሁሉ ትኩስ ነገር፣ ሴትዮዋ ሊሞቱ… አሁን ቀዝቃዛውን? ለምንድን ነው እምቢ ያሉት? ይንገሩኝ እንጂ!»

«አልነግርሽም።»

«ለእኔ ሲሉ።»

«አይሆንም።»

ትርንጎ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «በሞቴ፣ ጋሽ ዘገየ!»

ጋሽ ዘገየ አፋቸው ውስጥ ያለውን እስኪጨርሱ አኘኩ፤ ዋጡ።

«የሰው መሐላ አይቆጠርም» አሉ። «አልናገርም።»